የምንለብሰው ምንድን ነው? ስለ ተፈጥሮና ስለ ሰው ሠራሽ ጭረቶች ጠባይ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ በብስራተ ገብርኤል የተደረገ ንግግር)




የዘንድሮው ጉባኤ አዘጋጆች ከሙያዬ አንድ ርእስ መርጬ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቻችን የማምረት ዐቅም ለመናገር ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ጉዳይ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ታላላቆቼ በመካከላችሁ ስላሉ፣ ከፋብሪካውም፣ ከጨርቁም፣ ከክሩም ዝቅ ብዬ የሁሉም መነሻ ስለሆነው ስለ ጭረት ለመናገር መረጥሁ። «ጭረት» ስል በፋብሪካ ቋንቋችን «ፋይበር» የምንለውን፣ ርዝመቱ ከውፍረቱ በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጠውን ቀጭን የክር መነሻ ማለቴ ነው። «ቃጫ» የሚለውን ቃል ያልተጠቀምሁበት፣ በአገራችን አነጋገር ለእንሰትና ለገመድ ተክል የተመደበ ስለሆነ ነው።

ለርእሱ አመራረጥ ሌላም ምክንያት አለኝ። ምክንያቱ ለአንድ መሐንዲስ የሚያኮራ ባይሆንም፣ እናንተን ከመሰሉ የሙያ ወንድሞችና እኅቶች ልሸሽገው አልፈልግም።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ 19 ቀን፣ በገብርኤል ክብረ በዓል ዕለት፣ ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቀው በእኅቴ ቤት ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። የዕለቱ መታሰቢያ እንደምታውቁት መልአኩ ሦስቱን ወጣቶች ከእሳት ያዳነበት ነው፤ እሳቱ ልብሳቸውን እንኳ እንዳልነካው ይተረካል። ቤተ ሰቡ ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለሰ ቡና ተፈላ። የ11 ዓመቷ የእኅቴ ልጅ፣ ለበዓሉ እኔ የገዛሁላትን ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ምድጃውን ታራግብ ነበር። ከሰሉ ተንጣጣና አንድ ፍም ከጉልበቷ ላይ ወደቀ። እናቷ ወዲያው ፈጥና አጠፋችው፤ ነገሩ ሁሉ ዐሥር ሴኮንድ አይሞላም። እኔ የጠበቅሁት በቀሚሱ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ እንደምትቀር ነበር። ጨርቁ ግን ቀልጦ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። ቁስሉ ከሁለት ወር በኋላ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ዛሬም አለ።

ቀሚሱን ስገዛ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ተብዬ ነበር። እኔም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ጭረት የተማርሁና ከዚያም በኋላ በዚሁ ሙያ የምተዳደር ሰው፣ አንዲት ክር እንኳ መዝዤ አልመረመርሁም።

በዚያው ምሽት፣ በወጣትነታቸው ዘመን ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ልጅቱን ሊጠይቁ መጡ። ቀሚሱን አንሥተው በጣታቸው ዳሰሱትና ከጫፉ ሁለት ክሮች፣ አንዱን ከድሩ አንዱን ከማጉ፣ መዘው በተራ ከሻማው ነበልባል አስጠጓቸው። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ድሩ ጥጥ ነው፤ ወረቀት ወረቀት ይሸታል። ማጉ ግን ላስቲክ ነው፤ ይኸው ቀልጦ ጠጠር ሆነ። አንተ የተማርኸው ይህንኑ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ነው፣ እማማ፤ ይህንኑ ነው የተማርሁት» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

የዛሬው ንግግሬ በዚያ ምሽት ላልመለስሁት ጥያቄ የተሟላ መልስ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ ነው ብላችሁ ብትወስዱት ደስ ይለኛል።

1. ጭረት እንዴት ክር ይሆናል?

አንዲት የጥጥ ጭረት ለብቻዋ ብትያዝ የምትሸከመው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ርዝመቷም በብዙ ከሚመረተው የጥጥ ዐይነት ቢወሰድ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። እንደዚህ ካለው አጭርና ደካማ ነገር ብዙ ሜትር የሚረዝም ድር የሚገኘው በማክረር ነው። ፈታይዋ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ስታሾረው ጭረቶቹ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ። ክሩ ሲሳብ ጥምዝምዙ ጭረቶቹን ወደ መካከል ይጨምቃቸዋል፤ ሲጨመቁም መፋተጋቸው ይጨምርና አንዱ ከሌላው ተንሸራቶ ማምለጥ ያቅተዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን አባባል ስለ ሰው ልጅ ኅብረት የተነገረ ቢሆንም፣ ለፈትል መካኒክስም ከዚህ የተሻለ አጭር መግለጫ አላገኘሁም።

በእንዝርትና በፋብሪካው መፍተያ መኪና መካከል የፍጥነትና የመጠን ልዩነት እንጂ የመሠረተ ሐሳብ ልዩነት የለም። እ.ኤ.አ. በ1939 በተቋቋመው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ በጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የተዳመጠው ጥጥ ይፍታታል፣ ይበጠራል፣ ይሳሳል፣ ይከርራል። እናቶቻችን በደጋን ሲነድፉና ሲያባዝቱ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

2. የተፈጥሮ ጭረቶች

ከተፈጥሮ ጭረቶች ሁሉ ለእኛ ቅርቡ ጥጥ ነው። በአዋሽ ሸለቆ፣ በመተማ፣ በሁመራና በአርባ ምንጭ አካባቢ ይበቅላል። የጥጥ ጭረት ከፍሬው ልባስ ላይ የምትበቅል አንዲት ሕዋስ ናት። በእድገቷ ጊዜ በውስጧ ፈሳሽ የያዘች ቀጭን ቱቦ ትመስላለች። እምቡጡ ፈንድቶ ጭረቷ ስትደርቅ ቱቦው ይሟሽሽና እንደ ጥብጣብ ይሆናል፤ ጥብጣቡም በራሱ ላይ ይጠማዘዛል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይህ ጥምዝምዝ የጥጥ የመታወቂያ ወረቀቱ ነው ለማለት ይቻላል። ጭረቶቹ ሲፈተሉ እርስ በርስ ለመያያዝ የሚመቻቸውም በእርሱ ምክንያት ነው።

ጥጥ በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ ደግሞ ውሃን የሚወድ ንጥረ ነገር በመሆኑ የጥጥ ልብስ ላብ ይመጣል። ከዚህም ሌላ ጥጥ አንድ አስደናቂ ጠባይ አለው፤ ይኸውም በረጠበ ጊዜ ጥንካሬው ከደረቀበት ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ነጠላና ጋቢ በወንዝ ዳር በድንጋይ ላይ እየተደበደቡ ታጥበው ለዓመታት የሚያገለግሉበት ምስጢር ይህ ነው። በሌላ በኩል ጥጥ የመለጠጥ ጠባዩ አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይጨማደዳል፤ ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል፤ እርጥብ ሆኖ ከቆየም ይሻግታል።

ሱፍ ከጥጥ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሱፍ ሴሉሎስ ሳይሆን እንደ ጠጉራችንና እንደ ጥፍራችን ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ላዩ እንደ ቤት ክዳን በተደራረቡ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ሙቀት፣ እርጥበትና እሽታ በአንድነት ሲያገኙት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ጨርቁ ይጠብቃል። የመንዝ ሰው ባናውንና ዝተቱን ሲሠራ የሚጠቀምበት ይህንኑ ጠባይ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ስለሆነ ለስስ ልብስ ባይመችም፣ ለብርድ ልብስና ለበርኖስ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። በተፈጥሮው የተጠቀለለ በመሆኑ በመካከሉ አየር ያጠራቅማል፤ ሙቀትን የሚጠብቀውም ከሱፉ ይልቅ ይህ የታመቀ አየር ነው። አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ከነጠላ የበለጠ የሚያሞቀውም በዚሁ ሕግ መሠረት ነው።

ሐር ከአባ ጨጓሬ መሰል ትል አፍ የሚወጣ የፕሮቲን ክር ነው። የቻይናው ሐር ትል አንዱ ጎጆ ከ600 እስከ 1500 ሜትር የሚደርስ ያልተቋረጠ ክር ይሰጣል። በአገራችን ቀድሞ ከውጭ የመጣ የሐር ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለጥበብ ይውል ነበር። በዘመናችን ደግሞ የጉሎ ቅጠል በሚበላው የሐር ትል ላይ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሥራ ተሠርቷል። የዚህኛው ትል ጎጆ ክር የተቆራረጠ በመሆኑ እንደ ቻይናው አይተረተርም፤ እንደ ጥጥ ይፈተላል። ይህም እንዝርት ለሚያውቅ አገር እንቅፋት ሳይሆን ምቹ አጋጣሚ ነው።

3. ሰው ሠራሽ ጭረቶች

የሰው ልጅ የሐር ትልን ሥራ ለመምሰል ለብዙ ጊዜ ተመኝቷል። ምኞቱ በተግባር የታየው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። በዚያ ዓመት ፈረንሳዊው ሻርዶኔ አርቲፊሻል ሐር ለማምረት የፈጠራ መብት አገኘ። ከ8 ዓመት በኋላ እንግሊዞች ቪስኮስን ፈለሰፉ። ቪስኮስ፣ ወይም ሬዮን፣ የእንጨት ሴሉሎስ በኬሚካል ሟሙቶ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደ ወንፊት ውስጥ አልፎ፣ እንደገና ሴሉሎስ ሆኖ የሚጠነክር ጭረት ነው። ስለዚህ የሚሠራው በሰው እጅ ቢሆንም ሥጋው የተፈጥሮ ነው። ያንጸባርቃል፣ ይለሰልሳል፣ ላብም ይመጣል። ነገር ግን ከጥጥ በተቃራኒ ሲረጥብ ከጥንካሬው እስከ ግማሽ ድረስ ያጣል።

በእውነት ከእንጨትም፣ ከእንስሳም ሳይነካ የተፈጠረው የመጀመሪያው ታላቅ ጭረት ናይለን ነው። አሜሪካዊው ካሮዘርስና የሥራ ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1935 ፈለሰፉት፤ በ1940 የሴቶች ናይለን ካልሲ በመላው አሜሪካ ለሽያጭ ቀረበ። በ1941 እንግሊዞቹ ዊንፊልድና ዲክሰን ፖሊስተርን አገኙ። አክሪሊክ ደግሞ በ1950 ለገበያ ቀረበ። የእነዚህ ሁሉ መነሻ በአብዛኛው ነዳጅ ዘይት ነው። ፖሊስተርና ናይለን ቀልጠው በቀዳዳው ያልፋሉ፤ በአየር ቀዝቅዘው ይጠነክራሉ፤ ከዚያም ሞለኪውሎቻቸው በአንድ አቅጣጫ እንዲሰለፉ ይሳባሉ። አስቀድሞ የቀለጠ ነገር እንደገና ሙቀት ሲያገኝ ዳግመኛ እንደሚቀልጥ ከወዲሁ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ።

በዛሬው ዓለም ከሚመረተው ጭረት ሁሉ ፖሊስተር ብቻውን ከግማሽ በላይ ነው። የጥጥ ድርሻ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ወርዷል። እንግዲህ የሰው ልጅ በብዛት የሚለብሰው የእርሻ ውጤት መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው።

4. የጠባያት ንጽጽር

ውሃ። ሙሉ በሙሉ የደረቀ 100 ግራም ጭረት በ20 ዲግሪ ሙቀትና በ65 በመቶ የአየር እርጥበት ውስጥ ቢቀመጥ ከአየሩ የሚወስደው ውሃ እንደየዐይነቱ ይለያያል። ሱፍ 16 ግራም ያህል፣ ቪስኮስ 13፣ ሐር 11፣ ጥጥ 8፣ ናይለን 4፣ አክሪሊክ 2 ግራም ያህል ይወስዳሉ። ፖሊስተር ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። የፖሊስተር ሸሚዝ በቆላ ሙቀት የሚያፍነው፣ በደረቁ የበጋ አየርም እየተንጣጣ ከሰውነት ጋር የሚጣበቀው፣ ውሃ ስለማይዝና የኤሌክትሪክ ኃይል በላዩ ስለሚጠራቀም ነው። ነገር ግን ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። ሯጮቻችን የሚለብሱት ማልያ ፖሊስተር ነው። ጭረቱ ራሱ ውሃ ስለማይመጥ፣ በጭረቶቹ መካከል ባሉት ቀጫጭን መስመሮች ላቡ ወደ ላይ ወጥቶ ቶሎ ይተናል። ተስማሚ ሆኖ ከተሠራ ጉድለት የነበረው ጠባይ ጥቅም ይሆናል።

ጥንካሬ። ፖሊስተርና ናይለን መታሸትን በመቋቋም ከጥጥ በብዙ ይበልጣሉ። የተማሪ ዩኒፎርም ከጥጥና ከፖሊስተር ቅልቅል የሚሠራው ስለዚህ ነው። ሕዝባችን «ማዳበሪያ» እያለ የሚጠራውን ከረጢትም እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ስሙን ያገኘው ከይዘቱ ቢሆንም ከረጢቱ የፖሊፕሮፒሊን ጨርቅ ነው። ክብደቱ ከውሃ ያነሰ ስለሆነ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ እርጥበት አያበሰብሰውም፤ ፀሐይ ግን መከላከያ ካልተጨመረበት ቶሎ ያደቅቀዋል። በጓሮ የተጣለ ማዳበሪያ ከአንድ ሁለት በጋ በኋላ በእጅ ሲነኩት እንደሚፈረፈር ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ «ጠንካራ» የምንለው ነገር ጥንካሬው በምን ፊት እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን።

እሳት። በዚህ ላይ ጥቂት ቆየት ማለት እፈልጋለሁ። በአብዛኛው ቤታችን ከሰል፣ ሻማና ጧፍ የዕለት ተዕለት ነገሮች ናቸው፤ ልብሳችንም ሰፊና ዘርፋፋ ነው። ስለ አንድ ጭረትና ስለ እሳት ሦስት ጥያቄዎችን ለያይቶ መጠየቅ ይገባል። በቀላሉ ይቀጣጠላልን? ከተቀጣጠለ በኋላ መንደዱን ይቀጥላልን? ከቆዳ ጋር ሲገናኝስ ምን ያደርጋል?

ሁለተኛውን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ የሚያስችል መለኪያ አለ፤ ይኸውም ጭረቱ እንደ ሻማ መንደዱን እንዲቀጥል በአካባቢው ያለው ጋዝ ቢያንስ ስንት በመቶ ኦክስጅን ሊኖረው እንደሚገባ መለካት ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው። ጥጥና አክሪሊክ 18 በመቶ ያህል ይበቃቸዋል፤ ስለዚህ በተለመደው አየር በደንብ ይነዳሉ። ፖሊስተርና ናይለን ከ20 እስከ 21 በመቶ ገደማ ስለሚፈልጉ በጠርዙ ላይ ናቸው። ሱፍ ግን 25 በመቶ ያህል ይፈልጋል። በመሆኑም እሳቱ ሲርቅ በአብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ባና ለብሶ እሳት ዳር የሚተኛ የመንዝ እረኛ ሳያውቀው ከሁላችን የተሻለ ልብስ ለብሷል።

እዚህ ላይ ጥጥን ከመጠን በላይ እንዳላመሰግን እጠነቀቃለሁ። ጥጥ ይነዳል፤ ስስ ነጠላማ በፍጥነት ይነዳል። የጥጥ ጥቅሙ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ጥጥ አይቀልጥም፤ ይከስላል፣ ዐመድ ሆኖም ይረግፋል። ፖሊስተር ግን በ255 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። የቀላ የከሰል ፍም ሙቀት ከ600 ዲግሪ በላይ ነው። ፍሙ ሲነሣ ሙቀቱም አብሮ ይነሣል፤ የቀለጠው ፖሊስተር ግን እንደ ትኩስ ሙጫ ከቆዳ ላይ ተጣብቆ ሙቀቱን እዚያው ያራግፋል። አክሪሊክም ቢሆን በኃይል እየነደደ፣ እየለሰለሰና እየተንጠባጠበ፣ መርዛማ ጢስ እያወጣ የሚቃጠል ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ቅልቅሉ ነው። ንጹሕ ፖሊስተር ብዙ ጊዜ ከነበልባሉ ሸሽቶ ይኮማተራል፤ ቀልጦ ሲንጠባጠብም እሳቱን ይዞት ሊወድቅ ይችላል። ከጥጥ ጋር ሲሸመን ግን ይህ ማምለጫ ይዘጋበታል። ጥጡ ከስሎ ቅርጹን ይዞ ይቆማል፤ የቀለጠውም ፖሊስተር በከሰለው ጥጥ ላይ ተይዞ እንደ ነዳጅ ይነዳል። ይህን ነገር ለማስረዳት ጧፍን ማሰብ ይበቃል። ጧፍ በሰም የተነከረ የጥጥ ፈትል ነው። ሰሙ ብቻውን በወጉ አይነድም፤ ፈትሉም ብቻውን ቶሎ ያልቃል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ለረጅም ጊዜ ያበራሉ። ድሩ ጥጥ፣ ማጉ ፖሊስተር የሆነ ቀሚስ በአሠራሩ ጧፍ ነው። እኔ ለአንዲት ሕፃን የበዓል ስጦታ ብዬ የገዛሁት ይህንን ነበር።

5. ማን ዋሸ?

ከአደጋው በኋላ ቀሚሱን ይዤ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድሁ። ባለ ሱቁ በቅን ልቡና አነጋገረኝ። «እኔ ከሸማኔው የተቀበልሁት ጥጥ ነው ተብዬ ነው» አለኝ። ሸማኔውንም ፈልጌ አገኘሁት። እርሱም ድሩን ከአንድ ነጋዴ፣ ማጉን ከሌላ ነጋዴ በቱባ እንደ ገዛ፣ በቱባው ላይ ምንም ጽሑፍ እንዳልነበረ፣ ማጉ ነጭና ለስላሳ በመሆኑ «ጥሩ ጥጥ» ብሎ እንደ ሸመነው አስረዳኝ። ነጋዴውም ክሩን የገዛው በኪሎ ነው፤ ስሙን አልጠየቀም፤ የነገረውም የለም። በመጨረሻ ሳስበው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አውቆ የዋሸኝ አንድም ሰው አላገኘሁም። እውነቱን ያወቀም አላገኘሁም። ሊያውቅ ይችል የነበረው አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም እኔ ነበርሁ።

በአገራችን ሸማኔው ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ የእጅ ፈትል መጠቀም ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ ደግሞ የእጅ ፈትሉን ቦታ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ክር እየተካው ነው። ከዚህም አልፎ የጥበቡ ምስል በማተሚያ የታተመበት የውጭ አገር ጨርቅ በሐበሻ ልብስ ስም ይሸጣል። በሽሮ ሜዳ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ የሚወረውረውን የዶርዜ ሸማኔ ለዚህ ተጠያቂ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። እርሱ የሚፎካከረው ከዋጋ ጋር ነው። ስም የሌለው ጨርቅ በገበያ ላይ ሲቆም ንጹሑ ጥጥ ከቅልቅሉ ጋር በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ በአንድ ዋጋ ሲሸጥም ንጹሑ ይጠፋል። ከእርሱም ጋር የፈታይዋ እንጀራ ይጠፋል።

ሌሎች አገሮችም ይህንን መንገድ ሄደውበታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከሬዮን የተሠሩ ጠጉራም የልጆች ጨዋታ ልብሶችና ሹራቦች በቅጽበት እየተቀጣጠሉ ልጆችን ካቃጠሉ በኋላ፣ በ1953 ስለ ተቀጣጣይ ጨርቆች ሕግ ወጣ፤ በ1958 ደግሞ በእያንዳንዱ ልብስ ላይ የጭረቱ ዐይነትና ድርሻው በመቶኛ እንዲጻፍ የሚያስገድድ ሕግ ተከተለ። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዐይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ሐሳቡ እንግዲህ እንግዳ አይደለም። የቀረው ሐሳቡን እስከ ቱባው ድረስ ማውረድ ነው።

6. በአንዲት ክብሪት የሚደረግ ምርመራ

ባልደረቦቼ ሁሉ፣ ሙያችሁ ሕንፃም ይሁን ኤሌክትሪክ፣ ይህንን ምርመራ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ከድሩ፣ ከማጉና ከጥበቡ ለየብቻ ክር ይመዘዛል። በብረት መቆንጠጫ ተይዞ፣ ከሌላ ነገር ርቆ፣ ውሃ በአጠገብ ተቀምጦ፣ ቀስ ተብሎ ወደ ነበልባል ይቀርባል።

ጥጥ ከሆነ ሳይኮማተር ይቀጣጠላል፤ በቢጫ ነበልባል ይነዳል፤ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ በጣት ሲነኩት የሚበን ለስላሳ ግራጫ ዐመድ ይተዋል። ቪስኮስም እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱን ለመለየት ክሩን አርጥቦ መሳብ ይረዳል፤ ቪስኮስ በቀላሉ ይበጠሳል። ሱፍና ሐር ከእሳቱ ይሸሻሉ፤ ቀስ ብለው ይነዳሉ፤ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋሉ፤ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታሉ፤ የሚተዉትም ጥቁር ቅሪት በጣት ይደቅቃል። ፖሊስተር ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ሲበርድ በጣት የማይደቅቅ ጠንካራ ጠጠር ይሆናል። አክሪሊክ እየተንጣጣና ጥላሸት እያወጣ በኃይል ይነዳል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ቅርጽ የሌለው ጥቁር ጠጠር ይተዋል። በአንዱ ክር ውስጥ ዐመድም ጠጠርም ከተገኙ ቅልቅል ነው።

የቅልቅሉን መጠን ክብሪት አይነግረንም። ለዚያ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ናሙናው ተመዝኖ በ75 በመቶ የሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሲነከር ጥጡ ይሟሟል፤ ፖሊስተሩ ይቀራል፤ የቀረውን መዝኖ ድርሻውን ማስላት ነው። ይህ ሥራ አንድ ሚዛን፣ አንድ ማሞቂያና አንድ ጠንቃቃ ሰው ካለ የሚሠራ ነው።

አደጋ በደረሰ ጊዜም አንድ ነገር አስታውሱ። የተቃጠለውን ቦታ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ ይገባል፤ በቆዳ ላይ የተጣበቀውን ጨርቅ ግን መላጥ አይገባም፤ ያንን ለሐኪም መተው ነው።

7. ማጠቃለያና ማሳሰቢያ

ክቡራን ባልደረቦቼ፣

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲህ ሰው ሠራሽ ጭረት ይቅር» የሚል መደምደሚያ እንደማትጠብቁ አምናለሁ። ያለ ፖሊስተርና ያለ ናይለን የዛሬውን ሕዝብ ማልበስ አይቻልም፤ ድንኳኑም፣ ጃንጥላውም፣ የቀዶ ሕክምና ክሩም ከእነርሱ ነው። ጥጥም መሬትና ብዙ ውሃ የሚጠይቅ ተክል መሆኑ አይካድም። ክፉ ጭረት የለም። ያለ ቦታው የዋለና ስሙ የተደበቀ ጭረት ግን አለ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከደረጃ መዳቢው አካል ጋር በመነጋገር በገበያ ላይ የሚውል ክር ሁሉ በቱባው ላይ የጭረቱ ዐይነትና ድርሻ እንዲጻፍበት እንጠይቅ። ጽሑፉ ከክሩ ከጀመረ ሸማኔውም፣ ባለ ሱቁም፣ ገዢውም ሳይቸገሩ ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ በጨርቃ ጨርቅ ሙያ የተሰማራን አባላት በየሩብ ዓመቱ አንድ ቀን መድበን፣ ለሸማኔዎችና ለክር ነጋዴዎች ይህንኑ የክብሪት ምርመራ እናሳይ። ሦስተኛ፣ ለልጆች በሚሰፋ የበዓል ልብስ ላይ ከእሳት መራቅ እንደሚገባ የሚያሳስብ አጭር ቃል እንዲጻፍ ሐሳብ እናቅርብ። ከሦስቱ ሐሳቦች ሁለተኛው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ከመጪው ወር ጀምሮ ልንሠራው እንችላለን። እኔም የመጀመሪያውን ቀን ለመውሰድ ዝግጁ ነኝ።

ዘንድሮ የእኅቴ ልጅ ለበዓሉ አዲስ ቀሚስ ተገዛላት። ከመግዛታችን በፊት ከጫፉ ሁለት ክር ለመምዘዝ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ባለ ሱቁም ፈቀደልኝ። ክሮቹን ወደ ቤት ወስጄ ለእማማ ሰጠኋቸው። እርሳቸውም ሁለቱንም አቃጥለው ዐመዱን በጣታቸው አሽተው፣ «አሁን ተማርህ» አሉኝ።